የአሸዋ ክምር ቀመር አለው

የአሸዋ ክምር በአንድ መስመር ቀመር ይጻፋል። ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሮቶም፣ በረንዳ ላይ የተሰቀለው ዲሽም፣ የቆርቆሮው ሞገድም እንደዚያው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ከተማው ገና እየተሠራ ባለበት ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ይሄ ዕድል ነው። ሌላው ተማሪ በመጽሐፍ ብቻ የሚያየው ጠጣር ምስል እዚህ መንገድ ዳር ተዘርግፎ ይገኛል።

ግን ብዙ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የቅርጽ ቀመር ሲቀርብላቸው ግራ ይጋባሉ። ቀመሩን ይሸመድዱታል፤ ቅርጹ ግን አይታያቸውም። የጭንቅላት ጉዳይ አይደለም። ቁመት፣ ጎንና ጥልቀት ያለውን ነገር በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ማስረዳት ለአስተማሪም ከባድ ነው። በዚያ ላይ ቀመሩ ምን እየሠራ እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚነግራቸው አያገኙም።

ስለዚህ ከዚያ እንጀምር። ቀመር ቅርጹን አይስልም። ቀመር ይጠይቃል። የግቢ በር ላይ የቆመ ዘበኛ አድርጋችሁ አስቡት። በዙሪያችን ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ወደ በሩ ትመጣለች። ዘበኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ ለሁሉም ያንኑ ይጠይቃል። መልሷ ልክ የሆነ ትገባለች፣ ያልሆነ ትመለሳለች። ሁሉም ተጠይቀው ካለቁ በኋላ ግቢው ውስጥ የተገኙት ነጥቦች አንድ ላይ ሆነው ቅርጹን ይሠራሉ። ኳስ ሊሆን ይችላል፣ ቱቦ ሊሆን ይችላል፣ ጀበናም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው።

ለመጠየቅ ግን ነጥቧ አድራሻ ያስፈልጋታል። አሁን ያላችሁበትን ክፍል ጥግ ተመልከቱ፤ ሁለት ግድግዳና ወለሉ የሚገናኙበትን። እሱ መነሻ ነጥባችን ይሁን። ከዚያ በአንዱ ግድግዳ ሥር ወደ ጎን ስንት ሜትር? በሌላው ግድግዳ ሥር ወደ ፊት ስንት ሜትር? ከወለሉ ወደ ላይስ? በቃ፣ ሦስት ቁጥር። ክፍሉ ውስጥ ያለው አምፖልም፣ የጠረጴዛው ጥግም፣ አየር ላይ ያለችው ዝንብም በሦስት ቁጥር ትገኛለች። ትምህርት ቤት ኤክስ፣ ዋይና ዜድ የተባሉት እነዚህ ናቸው። እኔ በፊደላችን ልጻፋቸው፦ ወደ ጎን የሆነውን «ጎ»፣ ወደ ፊት የሆነውን «ፊ»፣ ቁመቱን «ቁ»። ከመነሻው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄድ ሲሆን ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆናል።

ግንበኞች ይሄን በየቀኑ ይሠሩበታል። ውሃ ልክ ጎ እና ፊ የሚተኙበትን ወለል ይሰጣቸዋል። ቱንቢ ቁ የሚቆምበትን መስመር ይሰጣቸዋል። ጥጉ ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ ደግሞ በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው በኩል 4 ሜትር ለክተው ምልክት ያደርጋሉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 5 ሜትር ከመጣ ጥጉ 90 ዲግሪ ነው። የፓይታጎረስ ሕግ ነው፦ 3² + 4² = 5²።

አሁን ይሄንኑ ሕግ አንድ ጊዜ እንድገመው። ወለሉ 3 በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል አለን። ከወለሉ አንድ ጥግ ተነስተን፣ በሰያፍ ተሻግረን፣ ላይኛው የኮርኒስ ጥግ ድረስ ክር ብንወጥር ስንት ሜትር ይሆናል? ወለሉ ላይ ያለው ሰያፍ 5 ነው። ከዚያ 5² + 2.8² = 32.84። ሥሩ 5.73 ሜትር ገደማ። እንግዲህ ባለ 6 ሜትር የብረት ቱቦ ገዝቶ እዚያ ክፍል ውስጥ ላስቀምጥ ያለ ሰው፣ እንዴት አድርጎ ቢያጋድመው ሳይቆርጠው አይገባለትም።

ሕጉን ሁለት ጊዜ ተጠቅመን ርቀት አገኘን፦ ርቀት² = ጎ² + ፊ² + ቁ²። እዚህ ከደረስን የመጀመሪያው ቅርጽ በእጃችን ነው። ዘበኛው «ከመነሻው ያለሽ ርቀት ልክ 1 ሜትር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በቀመር፦

ጎ² + ፊ² + ቁ² = 1

አዎ ያሉት ነጥቦች ተሰብስበው ሉል ይሠራሉ፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ። «ልክ 1 ነው?» የሚለውን «ከ1 አይበልጥም?» ብንለው፣ ማለትም የእኩል ምልክቱን በ ≤ ብንቀይረው፣ ውስጡም ይሞላል። ቅርፊቱን ወይም ሙሉውን አካል የሚወስነው ያቺ አንዲት ምልክት ናት።

ቅርጽን እንዲህ በቁጥር አድራሻ መጻፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ሐሳቡን በ1637 አሳተመ፤ የአገሩ ልጅ ፒየር ደ ፌርማም በዚያው ዘመን ለብቻው ደርሶበት ነበር። ከእነሱ በፊት የነበሩት ግሪኮች ስለ ኮንና ስለ ኩርባዎቹ የሚያውቁት እጅግ ብዙ ነው። ግን ሁሉንም በቃልና በሥዕል ነበር የሚያስረዱት።

ተማሪን አብዝቶ የሚያደናግረው አንድ ፊደል የጎደለበት ቀመር ነው። ይሄን ተመልከቱ፦

ጎ² + ፊ² = 0.25

ወረቀት ላይ ሬዲየሱ ግማሽ ሜትር የሆነ ክብ ነው። ሦስት አቅጣጫ ባለው ቦታ ውስጥስ? አብዛኛው ልጅ «ያው ክብ ነዋ» ይላል። አይደለም። ዘበኛው ስለ ቁመት ምንም አልጠየቀም። ካልጠየቀ ደግሞ ግድ የለውም ማለት ነው። ወለል ላይ ያለችውም፣ 1 ሜትር ከፍ ያለችውም፣ ሰማይ ጥግ ያለችውም ነጥብ ጎ እና ፊ ብቻ ከተስማሙላት ታልፋለች። ክቡ ወደ ላይም ወደ ታችም ያለ ማቋረጥ ይዘረጋል። ቱቦ ሆነ። የጎደለ ፊደል ነጻ የተለቀቀ አቅጣጫ ነው። ይሄን አንድ ነገር የያዘ ልጅ የቅርጽ ቀመርን ግማሹን ጨርሷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚህ ቱቦ ሮቶ ለመሥራት ዘበኛው ሁለተኛ ጥያቄ ይጨመርለታል፦ 0 ≤ ቁ ≤ 1.3። ከወለል እስከ 1 ሜትር ከ30 ያለው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1.3 ሜትር። ይዘቱ ፓይ × 0.25 × 1.3፣ ማለትም 1.02 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ባለ 1,000 ሊትሩ ሮቶ ማለት ነው። እውነተኛው ሮቶ ጎኑ ላይ የማጠንከሪያ ቀለበቶች አሉት፣ አናቱም ጎበጥ ይላል፤ ስለዚህ ልኩ ትንሽ ይለያያል። መንገድ ዳር ተጋድሞ መቀበሪያውን የሚጠብቀው የሲሚንቶ ቱቦም ያው ቀመር ነው ያለው። እሱ ስለተኛ የሚጎድለው ፊደል ቁ መሆኑ ቀርቶ ፊ ይሆናል።

ቆርቆሮንም በዚሁ ዓይን እዩት። ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ 7.6 ሳንቲ ሜትር፣ ከጉድጓዱ እስከ ጉብታው 1.8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ እንውሰድ። ቀመሩ በጣም ተቀራራቢ በሆነ መንገድ ይሄ ነው፦

ቁ = 0.9 × ሳይን(360° × ጎ ÷ 7.6)

ፊ የለም። ስለሌለም ቆርቆሮው በርዝመቱ አቅጣጫ ቀጥ ያለ ነው፤ ውሃው ቦዩን ይዞ ሳይደናቀፍ ይወርዳል። ጥንካሬውም የሚመጣው ከዚሁ ሞገድ ነው። ያው ስስ ላሜራ ጠፍጣፋ ቢሆን በራሱ ክብደት ይጎብጥ ነበር። ሞገዱ ብረቱን ከመሃል መስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች ስላራቀው፣ በርዝመቱ ለማጉበጥ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። በስፋቱ ግን በቀላሉ ይጠቀለላል። የምስማር ነገር የሚያውቅ ማንኛውም ቆርቆሮ መቺ ይሄን ይነግራችኋል።

ወደ አሸዋው እንምጣ፤ እዚህ ነገሩ ኪስም ይነካል። ደረቅ አሸዋ ከላይ ሲፈስ እንዳሻው አይቆለልም። ጎኑ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 34 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከዚያ በላይ መቆም አይችልም፤ ይንሸራተታል። ብትጨምሩበትም ክምሩ ይሰፋል እንጂ አይሾልም። ስለዚህ ትንሹም ትልቁም ክምር አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው፦ ሾጣጣ፣ ማለትም ኮን። ከመሃሉ 1 ሜትር በራቅን ቁጥር ቁመቱ በ0.67 ሜትር ይቀንሳል። ይሄ ቁጥር የ34 ዲግሪ ታንጀንት ነው። አናቱ 1.9 ሜትር የሆነ ክምር እንግዲህ እንዲህ ይጻፋል፦

ቁ = 1.9 − 0.67 × √(ጎ² + ፊ²)

ሥሩ ውስጥ ያለው ከመሃል ያለ ርቀት ነው። ጠርዙ ላይ ቁ ዜሮ መሆን አለበት፤ ያ የሚሆነው ከመሃል 2.84 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዙሪያው 17.8 ሜትር ገደማ ይመጣል። ይዘቱ ደግሞ የኮን ስለሆነ የወለሉ ስፋት ሲባዛ በቁመቱ፣ ሲካፈል ለ3 ነው። ብታሰሉት 16 ሜትር ኪዩብ አካባቢ ታገኛላችሁ። አንድ ሲኖ ትራክ ጫነ የሚባለው ያህል ማለት ነው።

አሁን ሻጩ 16 ሜትር ኪዩብ ነው ብሎ አራገፈ እንበል። በሜትር ዙሪያውን ለካችሁት፤ 16 ሜትር ብቻ ሆነ። በዓይን ሲታይ ከ17.8 ብዙም አይለይም። ይዘቱ ግን ወደ 11.6 ሜትር ኪዩብ ወርዷል። ከ4 ሜትር ኪዩብ በላይ የለም! ዙሪያው በአንድ አሥረኛ ብቻ አንሶ አሸዋው ከሩብ በላይ የጎደለው፣ ሦስቱም አቅጣጫ በአንድ ላይ ስለሚቀንስ ነው። 0.9 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.73 ነው የሚሆነው።

ከቀመሩ አጭር መንገድ ይወጣል። የክብ ክምሩን ዙሪያ በሜትር ለኩ፣ ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙት፣ ለ350 አካፍሉ። የሜትር ኪዩቡ ግምት ነው። የሚሠራው ግን አሸዋው ደረቅና ክምሩ ክብ ከሆነ ነው። እርጥብ አሸዋ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ከ34 ዲግሪ በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከመኪና የተገለበጠ ክምርም ብዙ ጊዜ ረዘም ይላል። እንደዚያ ሲሆን በአካፋ ማስተካከል ወይም መኪናው ላይ እያለ ሳጥኑን መለካት ይሻላል። ያም ሆኖ ምንም ሳይለኩ ከመክፈል ይሄ ይበልጣል።

ከአሸዋው ቀመር ላይ ሥሩን አውጥተን፣ ማዕዘኑን 45 ዲግሪ አድርገን፣ አናቱን መነሻ ነጥብ ላይ ብናሳርፈው ይሄ ይመጣል፦

ጎ² + ፊ² − ቁ² = 0

አንድ ልዩነት አለ። ቁ በስኩዌር ስላለ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ቢሆን ለዘበኛው ያው ነው። ስለዚህ አንዱ ኮን ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ሆነው ጫፍ ለጫፍ ይገናኛሉ። አሁን በቀኝ በኩል ያለውን ዜሮ ብቻ እንነካካ። 1 ስናደርገው፣ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙበት ቦታ ይከፈትና ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ከላይና ከታች የሚሰፋ አንድ ወጥ አካል ይሆናል። ሃይፐርቦሎይድ ይባላል። ኔጌቲቭ 1 ስናደርገው ደግሞ ይለያያሉ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች የዞሩ ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች ይሆናሉ። አንድ ቁጥር ዜሮን ተሻግሮ ሲያልፍ አንዱ አካል ሁለት ሆነ። የስዊሱ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1748 ይሄን የስኩዌር ቀመሮች ቤተሰብ በወጉ መድቦ አስቀምጦታል። ሉልም፣ ኮንም፣ ሲሊንደርም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ሃይፐርቦሎይዱ ነው። ሲያዩት ጎባጣ ነው፤ ቀጥ ያለ ነገር ያለበት አይመስልም። ግን ይሄን ሞክሩ። ጎ = 1 ይሁን፤ ፊ እና ቁ ደግሞ የፈለጋችሁት ቁጥር፣ ብቻ እኩል ይሁኑ። 1፣ 2፣ 2 በሉት። ቀመሩ ውስጥ ሲገባ፦ 1 + 4 − 4 = 1። አለፈ። 1፣ 10፣ 10 ቢሆንስ? 1 + 100 − 100 = 1። አለፈ። ሁሌም ያልፋል፤ ምክንያቱም ፊ የጨመረውን ቁ ይቀንሰዋል። እነዚህ ነጥቦች ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ነው ያሉት። ስለዚህ ጎባጣው ገጽ ላይ ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር ተኝቷል። ቅርጹ ዙሪያውን ክብ ስለሆነ እንዲህ ያለ መስመር በየቦታው አለ፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያጋድሉም አሉ።

ይሄ ለብረት ሠሪ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጎባጣ ማማ ለመሥራት አንድም ብረት ማጉበጥ አያስፈልግም። ቀጥ ቀጥ ያሉ ብረቶችን አጋድሞ ማሰር ይበቃል። ሩሲያዊው መሐንዲስ ቭላድሚር ሹኮቭ እ.ኤ.አ. በ1896 ኒዥኒ ኖቭጎሮድ በነበረው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ የውሃ ማማ የሠራው በዚሁ መንገድ ነበር። ቤት ውስጥም ይሞከራል። ሁለት እኩል ቀለበቶችን ፊት ለፊት አድርጋችሁ፣ ዙሪያቸውን በተወጠሩ ክሮች አያይዙ። ቱቦ ይሆናል። ከዚያ አንዱን ቀለበት ትንሽ ጠምዘዝ አድርጉት። ክሮቹ ቀጥ እንዳሉ ናቸው፤ ወገቡ ግን ቀጠነ።

የኮንዶሚኒየም በረንዳዎችን የሞላው ዲሽ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ፓራቦሎይድ ይባላል። ቀመሩ፣ ዲሹ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ እንዲያይ ወለል ላይ ብናስቀምጠው፦

ቁ = (ጎ² + ፊ²) ÷ (4 × ፎ)

ፎ ማለት ከዲሹ መሃል እስከ ኤልኤንቢው፣ ማለትም ከዲሹ ፊት ለፊት እስከቆመው ምልክት ተቀባይ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ፎ 0.45 ሜትር የሆነ ዲሽ እንውሰድ። ጠርዙ ከመሃል 0.6 ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ የጠርዙ ከፍታ 0.36 ÷ 1.8፣ ማለትም 0.2 ሜትር ነው። ዲሹ 20 ሳንቲ ሜትር ይጎደጉዳል።

ለምን ሌላ ቅርጽ አልሆነም? መንገዱን እንለካው። ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ እጅግ ከሩቅ ስለሚመጣ ትይዩ ሆኖ ይወርዳል። ሞገዱ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍታ ላይ እያለ እንጀምር። መሃሉ ላይ የሚያርፈው 1 ሜትር ወርዶ፣ ከዚያ 0.45 ሜትር ወደ ኤልኤንቢው ይመለሳል፤ ጠቅላላ 1.45። ከመሃል 0.3 ሜትር ላይ የሚያርፈው የዲሹ ከፍታ እዚያ 0.05 ስለሆነ 0.95 ይወርዳል፤ ከዚያ ኤልኤንቢው ድረስ በፓይታጎረስ 0.5 ይጓዛል። 1.45። ጠርዙ ላይ የሚያርፈው 0.8 ይወርዳል፣ 0.65 ይጓዛል። አሁንም 1.45። የትም ይረፍ የት መንገዱ እኩል ነው። ሁሉም ሞገድ በአንድ ቅጽበት ይደርሳል፣ እርስ በርሱ ይደጋገፋል፣ ደካማው ምልክት ይጠነክራል። ፓራቦሎይድ የሚለው ቃል ውስጥ ያለው ቁም ነገር ይሄው ነው።

በረዶ ወይም ድንጋይ መትቶት የተሰረጎደ ዲሽ ለምን እንደሚቸገርም ከዚህ ይገባናል። ቤታችን የሚደርሰው የሳተላይት ሞገድ ርዝመት 2.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። 6 ሚሊ ሜትር የገባ ስርጉድ ሲወርድም ሲመለስም መንገዱን ስለሚያስረዝመው፣ ልዩነቱ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የሞገዱ ግማሽ ማለት ነው። ከዚያ ስርጉድ የሚመጣው ሞገድ ሌላውን በመደገፍ ፈንታ ይሽረዋል። ስርጉዱ ትንሽ ከሆነ ዲሹ ይችለዋል፤ ሰፋ ካለ ግን ዲሽ ሠሪ ቢያዟዙረውም ለውጥ አይመጣም። በነገራችን ላይ ብዙ የቤት ዲሾች ኤልኤንቢያቸው መሃል ላይ አይደለም፣ ወደ ታች ወረድ ያለ ነው። ቀመሩ ተሳስቶ አይደለም። ዲሹ የተቆረጠው ከአንድ ትልቅ ፓራቦሎይድ ጎን ላይ ነው፤ ኤልኤንቢው የቆመው በትልቁ ፓራቦሎይድ ፎ ላይ ነው።

ከከተማው በሌላኛው ጫፍ፣ እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ብርሃን የሚሰበስቡት በጎድጓዳ መስታወት ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ጥራቱ ግን አይገናኝም። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከዲሹ ሞገድ 50,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ከቀመሩ ሊያፈነግጥ የሚችለውም በዚያው መጠን ያነሰ መሆን አለበት።

እስካሁን ዘበኛው ይጠይቅ ነበር። ሌላም መንገድ አለ፤ ነጥቦቹን ራሱ እያመረተ የሚሄድ ቀመር። ክብ ኮለን ውስጥ እየተጠመዘዘ የሚወጣውን ስታፋ፣ ማለትም ቋሚዎቹን ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረውን ቀጭን ብረት ውሰዱ። ሬዲየሱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ በአንድ ዙር 10 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ይሁን። «ተ» የዞርነው ዲግሪ ከሆነ፦

ጎ = 15 × ኮሳይን(ተ)፣ ፊ = 15 × ሳይን(ተ)፣ ቁ = 10 × ተ ÷ 360

ተ እየጨመረ ሲሄድ ነጥቧ እየዞረች ትወጣለች። የአንድ ዙር ብረት ርዝመት 94.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጠፍጣፋ ቀለበት ቢሆን 94.2 ነበር። 10 ሳንቲ ሜትር መውጣቱ በብረቱ ላይ የጨመረው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ጀበና ሲመጣስ? ጀበና እጀታውንና አፍንጫውን ለጊዜው ብንተወው ዙሪያውን ክብ ነው። ከፍ ዝቅ የሚለው ሬዲየሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «በዚህ ቁመት ላይ ከመሃል ምን ያህል ትርቂያለሽ?» የሚል ይሆናል። በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ክር አዙራችሁ ለኩት፣ ዙሪያውን ለ6.28 አካፍሉት፤ ሬዲየሱን ሰጣችሁ። ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ብትደረድሯቸው ያ ሠንጠረዥ ራሱ የጀበናው ቀመር ነው። ይዘቱንም ከፈለጋችሁ፣ እያንዳንዷን 1 ሳንቲ ሜትር እንደ ስስ ሲሊንደር ቆጥራችሁ ደምሯቸው።

እጀታው የግማሽ ጎማ ቅርጽ አለው። የጎማ ቀመር ዘበኛውን ሁለት ጊዜ ያስለካዋል፤ መጀመሪያ ከመሃል ያለውን ርቀት፣ ከዚያ ከጎማው መሃለኛ መስመር ያለውን። በሳንቲ ሜትር፣ የቀለበቱ ሬዲየስ 4፣ የውፍረቱ ሬዲየስ 1 ቢሆን፦

(√(ጎ² + ፊ²) − 4)² + ቁ² = 1

ሆዱንና እጀታውን ለማጣበቅ ኮምፒውተሮች ደስ የሚል ዘዴ አላቸው። እያንዳንዱ ቀመር ከቅርጹ ውስጥ ኔጌቲቭ፣ ከቅርጹ ውጭ ፖዘቲቭ እንዲሰጥ ተደርጎ ይጻፋል። ለምሳሌ ሉሉ ጎ² + ፊ² + ቁ² − 1 ይሆናል። ከዚያ ከሁለቱ ቀመሮች የሚያንሰውን ውሰዱ፤ ሁለቱ ቅርጾች ተዋሐዱ። የሚበልጠውን ውሰዱ፤ የሚጋሩት ክፍል ብቻ ቀረ። የሁለተኛውን ምልክት ገልብጣችሁ የሚበልጠውን ብትወስዱ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ላይ ተቆርጦ ይወጣል። የጀበናው ውስጥ የሚቦረቦረው እንደዚህ ነው። ማነስ፣ መብለጥና ምልክት መገልበጥ፤ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ውስብስብ ዕቃ ይገነባል።

ለመኪና አካልና ለመሳሰሉት ልስልስ ገጾች ደግሞ ትንንሽ ጎባጣ ቁራጮችን እየሰፉ መሄድ ይሻላል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በፈረንሳይ መኪና ፋብሪካዎች ነው የዳበረው፤ በሲትሮኤን ፖል ደ ካስተልዦ፣ በሬኖ ፒየር ቤዚየ ሠሩበት። እ.ኤ.አ. በ1975 ማርቲን ኒዌል የተባለ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ በእነዚህ ቁራጮች ጽፎ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባ። ያቺ ማንቆርቆሪያ እስከ ዛሬ የኮምፒውተር ግራፊክስ መሞከሪያ ናት። የእኛ አገር ተማሪ ተመሳሳይ ነገር በጀበና ቢሠራ ደስ ይለኛል፤ ከማንቆርቆሪያዋ አይከብድም፣ ልኬቱም እቤቱ አለ።

ለመጀመር ብዙ ነገር አያስፈልግም። ጂኦጀብራ የሚባል ነጻ መተግበሪያ ስልክ ላይ ይጫናል፤ ባለ ሦስት አቅጣጫውን ክፈቱ። እዚያ ጎ፣ ፊ እና ቁን በእንግሊዝኛዎቹ ኤክስ፣ ዋይና ዜድ ፊደላት መጻፍ አለባችሁ። ከሃይፐርቦሎይዱ ጀምሩ። በቀኝ በኩል ባለው ቁጥር ቦታ ላይ ስላይደር አስገቡና ከ1 ወደ ዜሮ፣ ከዚያም ወደ ኔጌቲቭ 1 ቀስ እያላችሁ ጎትቱት። ወገቡ ሲጠብ፣ ዜሮ ላይ ሲነካካ፣ ከዚያም ሲለያይ ታያላችሁ። ልጆች ካሉ ስላይደሩን ለእነሱ ስጧቸው።